ለመንገድ ስንነሣ ኮምፒውተሩን እናጥፋው ወይስ እንተወው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ይወርዳል)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ጓዝ ከማሰናዳት፥ ስንቅ ከማዘጋጀትና ለጎረቤት አደራ ከመስጠት ጋር አብሮ ሊታሰብ ሲገባው፥ ብዙውን ጊዜ መኪናው ከከተማ ከወጣ በኋላ ትዝ የሚል ነው።

ለቁልቢ ገብርኤል ወይም ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚነሣ ተሳላሚ፥ ጥምቀትን በጎንደር ሊያከብር የሚጓዝ ቤተ ሰብ፥ ወይም ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን በርሮ መንፈቅ ያህል ቆይቶ የሚመለስ አባት፥ የውኃውን መስመር ዘግቶ፥ ምድጃውን መርምሮ፥ በሩንም ቆልፎ ሲወጣ፥ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ምን ያድርገው? ያጥፋው? ወይስ እንደ በራ፥ ከኢንተርኔትም እንደ ተገናኘ ይተወው?

(አጭር ዕረፍት)

ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉበት። የመጀመሪያው፥ መሣሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበ ይቆይ ወይ የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ በመስመር በኩል ከዓለም ጋር እንደ ተገናኘ ይቆይ ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ለያይቶ ያላየ ሰው በአንዱ በኩል ሲጠነቀቅ በሌላው በኩል ይጎዳልና፥ እኛም በየተራ እንመርምራቸው።

ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከቶ አልነበረም። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ኢንተርኔት ወደ አገራችን ሲገባ፥ ኮምፒውተሩ በተራ የስልክ መስመር እየደወለ፥ ሞደሙም ያን የሚያስገርም ጩኸቱን እያሰማ ነበር የሚገናኘው፤ ሒሳቡ በደቂቃ የሚቆጠር፥ የቤቱም ስልክ በዚያ ሰዓት ለሌላ ጥሪ የተያዘ በመሆኑ፥ ሥራውን የጨረሰ ሰው መስመሩን ዘግቶ ለመነሣት መካሪ አላስፈለገውም። ዛሬ ግን ክፍያው በወር፥ ግንኙነቱም ሌሊትና ቀን ስለ ሆነ፥ መዝጋትን የሚያስታውሰን ነገር የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። በእኔ አሳብ፥ በአገራችን ሁኔታ፥ በባዶ ቤት ውስጥ ለቀረ ኮምፒውተር ቀዳሚው ጠላት በመስመር የሚመጣው ዘራፊ ሳይሆን መብራት ነው። ስለ ኮምፒውተር አደጋ በተነገረ ቁጥር የሚነሣው የቫይረስ ነገር በመሆኑ ይህን ስል የምትደነቁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ ባለፈው ክረምት በሰፈራችሁ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ስንት ጊዜስ መጣ?

መጥፋቱ ብቻውን ጉዳት አለው። መረጃ በሃርድ ዲስኩ ላይ በሚጻፍበት ቅጽበት ኃይሉ ቢቋረጥ ጽሕፈቱ በመካከል ተቆርጦ ይቀራል፤ ሲጻፍ የነበረው ፋይል ብቻ ሳይሆን፥ የትኛው ፋይል የት እንደ ተቀመጠ የሚያመለክተው ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። «እኔ በሌለሁበት ማን ይጽፍበታል?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ባለቤቱ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ይጽፋል፤ ፕሮግራሞቹን ያድሳል፥ ፋይሎቹን እየመረመረ ይመዘግባል፥ በመስመር የወረደለትንም ያስቀምጣል። የበራ ኮምፒውተር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

የሚብሰው ግን የመብራቱ መመለስ ነው። ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ልኩ የሆነውን 220 ቮልት ይዞ ላይመጣ፥ ከፍና ዝቅ እያለ ሊያስቸግር ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን የተቃጠለበት ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሰው በቤት ሲኖር፥ መብራት እንደ ጠፋ ሶኬቱን ይነቅላል፥ ከመጣም በኋላ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ይታገሣል። ቤቱ ባዶ ሲሆን ይህን የሚያደርግ ማን አለ?

«መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ አለኝ» የሚል ይኖራል፤ መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በየቤቱ የሚገኘው ዓይነት ዩፒኤስ አንድን ዴስክቶፕ ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል ነው የሚያቆየው፤ መብራቱ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ሊጠፋ ይችላል። ዩፒኤስ የተሠራው ባለቤቱ ሥራውን አስቀምጦ መሣሪያውን በሥርዓት የሚያጠፋበት ፋታ እንዲያገኝ ነውና፥ ባለቤቱ ከሌለ በባዶ ቤት ይጮኻል፥ ይጮኻል፥ በመጨረሻም ዝም ይላል፤ ምናልባት ጎረቤት ይሰማውና ምን መጣ ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ፥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሰናዳ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ይህን ያሰናዳ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያ ገመድ ከነላስቲኩ በካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። መብረቅ በኤሌክትሪኩ መስመር ብቻ ሳይሆን፥ በመዳብ በተሠራው የስልክ ገመድም በኩል ገብቶ መጀመሪያ ሞደሙን፥ ከሞደሙም ቀጥሎ በገመድ የተያያዘውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። አሁን በብዙ ሰፈሮች የገባው ፋይበር ከመስታወት የተሠራ ስለ ሆነ ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም፤ የፋይበሩ መሣሪያ የሚሰካበት ሶኬት ግን ያው የቤታችሁ ሶኬት ነው።

(ቃሉን በዝግታ)

ስለዚህ፥ አድማጮቼ፥ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መንቀል ያስፈልጋል። ደግሜ እለዋለሁ፤ ጠፍቶ በሶኬት ላይ እንደ ተሰካ የቀረ ኮምፒውተር ፋይሎቹ ባይጎዱ እንኳ፥ አካሉ ከፍ ብሎ ለሚመጣ ኤሌክትሪክ የተጋለጠ ነው። ዲቫይደር ላይ መሰካቱም ዋስትና አይሆንም፤ በየገበያው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሶኬት ከማብዛት በቀር ሌላ ጥበቃ የላቸውምና። ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀል።

ስለ ወጪው ብዙ አልናገርም። አንድ ዴስክቶፕ ሥራ ሳይሠራ ተቀምጦ 60 ዋት ያህል ቢስብ፥ በየክፍሉ 10 ዋት የሚስቡ 6 አምፖሎችን ሌሊትና ቀን አብርቶ እንደ መሄድ ነው፤ በወሩም 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚወጣ መሆኑን የምታውቁ፥ ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት።

«ኮምፒውተር ማጥፋትና ማብራት ሲበዛበት ያረጃልና ሳይጠፋ ቢቆይ ይሻላል» የሚል የቆየ ምክርም አለ። ማስነሣት ለመሣሪያ ጥቂት ድካም እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ለአንድ ጉዞ አንድ ጊዜ ማጥፋትና ሲመለሱ አንድ ጊዜ ማብራት ምን ያህል ሊያስረጀው ነው?

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ)

አሁን ወደ መስመሩ እንለፍ። ኮምፒውተሩ በርቶ፥ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ፥ ሰውም ሳይነካው ሊወረር ይችላልን? አዎን፥ ሆኖ ያውቃል።

በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ብላስተር የተባለ፥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን የሚያባዛ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ተሰራጨ። ዊንዶውስ 2000ና ኤክስፒ በተጫኑባቸው ኮምፒውተሮች በቀጥታ ይገባ ስለ ነበር፥ የተከፈተ ደብዳቤ ወይም የተነካ ነገር አላስፈለገውም፤ ብዙ ባለቤቶች ያወቁት ኮምፒውተሩ በ60 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚዘጋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በድንገት ሲመጣባቸው ነበር። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ተነሣና የሰዎችን ፋይሎች በምስጢር ቁልፍ እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ጀመር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን እንደ ያዘ ተነገረ፤ በብሪታንያም ሆስፒታሎች ለሕሙማን የሰጡትን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። በሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ብላስተር የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው እድሳት አንድ ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ፥ የዋናክራይም ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፥ በመጋቢት 5 ቀን፥ በሠሪው በማይክሮሶፍት ታውጆ ነበር። የተጎዱት እድሳቱን ሳይቀበሉ በመስመር ላይ የቆዩት ናቸው።

ታዲያ በዛሬው ጊዜ እድሳቱን የተቀበለ፥ ያልተጠራ ግንኙነትን የሚከለክለው ፋየርዎሉም ያልተዘጋበት ኮምፒውተር፥ በርቶ ስለ ቀረ ብቻ ይወረራልን? ብዙውን ጊዜ አይወረርም። ከ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ ፋየርዎሉ ተከፍቶ የሚመጣ ሆኗል፤ በየቤታችን ያለው ራውተርም እንደ ደጅ ዘበኛ ነውና፥ ከውስጥ ለወጣ ጥያቄ የመጣውን መልስ ያስገባል፥ ማንም ሳይጠራው የመጣውን ግን ከደጅ ይመልሰዋል። ስለዚህ በችኮላ ሳያጠፋው የወጣና ደብረ ብርሃን ሲደርስ ትዝ ያለው ሰው፥ ስለዚህ ብሎ ከመንገዱ ይመለስ አልልም።

አደጋው የሚመጣው ዘበኛውን እኛው ራሳችን ስናሰናብተው ነው። ከሩቅ አገር ሆኖ የቤቱን ኮምፒውተር ለማዘዝ የሚፈልግ ሰው፥ ራውተሩ ላይ ለሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ ከፍቶ፥ የይለፍ ቃሉንም የስልኩን ቁጥር ወይም የልጁን ስም አድርጎ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችን ሌት ተቀን እየዞሩ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ዘራፊዎች ከሚገቡባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱም ይህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ የሩቁን ዘራፊ ስንፈራ ቅርብ ያለውን እንርሳን? ኢሜሉ ተከፍቶ፥ ቴሌግራሙ ሳይዘጋ፥ የይለፍ ቃልም ሳይጠየቅበት በርቶ የቀረ ኮምፒውተር፥ ቤቱን ለመጠበቅ ቁልፍ የተሰጠው ሁሉ፥ እንግዳም ሆነ ዘመድ፥ ሊቀመጥበት የሚችል ነው። ይህን ማሰብ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ የደብዳቤ ሣጥንን ለማንም ክፍት አድርጎ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ነው።

(አጭር ዕረፍት)

እስካሁን ያልነውን እንያዝ። ኮምፒውተሩ እኛ ሳለን ብቻ የሚሠራልን ከሆነና ስንሄድ የሚፈልገው ሰው ከሌለ፥ ይጥፋ፥ ከግድግዳው ይነቀል፥ የመስመሩም ገመድ ይፈታ። ስንሄድ የሚፈልገው ሰው ካለ ግን ሌላ ዝግጅት ያሻዋል፤ ወደዚያው ልንሄድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ማስተኛት አንድ ቃል። ብዙ ሰው የላፕቶፑን ክዳን ሲከድን ያጠፋው ይመስለዋል፤ የተኛ እንጂ የጠፋ አይደለም። የተኛ ኮምፒውተር የተከፈተውን ሥራ ሁሉ በጊዜያዊ ማስታወሻው ይዞ ይቆያል፤ ይህ ማስታወሻ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ የሚኖር በመሆኑ፥ በዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ፥ በላፕቶፕም ባትሪው ሲያልቅ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖችማ ተኝተው ሳለ ከዋይፋይ ጋር እንደ ተገናኙ ይቆያሉ። በዊንዶውስ ሃይበርኔት የሚባለው ግን ሥራውን ወደ ዲስኩ ገልብጦ ኃይሉን ፈጽሞ ስለሚያቆም ከማስተኛት ይሻላል፤ ለረጅም ጉዞ ግን ማጥፋቱ ይመረጣል። ማስተኛት ቡና ለመጠጣት ለሚነሣ ሰው ነው።

(ሙዚቃ)

በርቶ መቆየት የሚገባው ኮምፒውተርስ የለምን? አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ሊቃውንት ሴቲ አት ሆም የተባለውን ሥራ ጀምረው ነበር፤ በቴሌስኮፕ ከሰማይ የተሰበሰበውን የሬዲዮ ድምፅ ቆራርጠው በዓለም ለሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ያከፋፍሉ፥ የእነዚህም ሰዎች ኮምፒውተሮች ባለቤቶቻቸው በማይሠሩበት ሰዓት ከሌላ ዓለም የመጣ ምልክት ይኖር እንደ ሆነ ይመረምሩ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ሥራው ሲቀጥል የተገኘ ምልክት ባይኖርም፥ ለዕውቀት ሲባል ኮምፒውተርን አብርቶ መተው ምክንያት እንዳለው የሚያስረዳ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ምክንያት ከዚህ ይቀርባል፤ ነጋዴው የሒሳብ መዝገቡን ከጉዞ ላይ ማየት ይፈልጋል፥ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ትቶ መጥቷል። ለእነዚህ የምመክረው፥ የምትፈልጉትን ፋይል አስቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በፍላሽም ሆነ በኢንተርኔት ማስቀመጫ። ለአንድ ፋይል ብሎ ሙሉ ኮምፒውተር አብርቶ መሄድ አይገባም።

የግድ ከሩቅ መድረስ ካስፈለገስ? በራውተሩ ላይ ቀዳዳ ከመክፈት ይልቅ፥ እንደ ቲምቪወር ወይም ኢኒዴስክ ያሉትን ረዥም የይለፍ ቃል ሰጥቶ፥ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ጨምሮ መጠቀም ይሻላል። አንድ የማይታሰብ ነገር ግን አለ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙ ኮምፒውተሮች አዝራሩን የሚጫን ሰው ካላገኙ ጠፍተው ይቀራሉ። መብራት ሲመጣ ራሱን እንዲያስነሣ የሚያዝዘው ምርጫ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ቅንብር፥ በባዮስ ውስጥ የሚገኝ ነውና፥ ከመሄዳችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁና መልሳችሁ ሰክታችሁ፥ በሌላ ሰው ስልክም ከውጭ ሆናችሁ ፈትኑት። ይህን ያልፈተነ መንገደኛ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶበት፥ የቀረውን ወር ከማይመልስ ኮምፒውተር ጋር ሲታገል ይከርማል። በተወሰነ የሞባይል ጥቅል የምትገናኙም፥ እድሳት ሲወርድ ጥቅሉ እንዳያልቅ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን አመልክቱ።

(አጭር ዕረፍት)

ኮምፒውተሩ ጠፋ እንበል፤ ራውተሩስ? በብዙ ቤት የደኅንነት ካሜራ አለና፥ ባሕር ማዶ ያሉት ልጆች የወላጆቻቸውን ግቢ በስልካቸው የሚያዩት ራውተሩ ሲበራ ነው። ይህ ተገቢ ምክንያት ስለ ሆነ ይብራ፤ ነገር ግን በሚገባ ተሰናድቶ ይብራ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም፥ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠባቸውን ካሜራዎች፥ የካሜራ መቅረጫዎችና ራውተሮች፥ 60 ያህል የታወቁ ቃላትን ብቻ እየሞከረ በብዛት ማረካቸውና፥ በእነርሱ ኃይል በአሜሪካ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አደናቀፈ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፥ ቪፒኤን ፊልተር በተባለ ፕሮግራም የተነሣ፥ ራውተር ያላቸው ሰዎች ሁሉ አጥፍተው እንደገና እንዲያበሩ በይፋ አሳሰበ፤ ያን ጊዜ በ54 አገሮች 500,000 ያህል መሣሪያዎች ተይዘው ነበር።

ስለዚህ ካሜራውን የተከለላችሁ ባለሙያ ሳይሄድ «የይለፍ ቃሉን ለውጠኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም ዓይናችሁ እያየ ራሳችሁ ለውጡት። የራውተሩንም እንዲሁ፤ የዋይፋዩን ብቻ ሳይሆን የመቆጣጠሪያውን ጭምር።

ሌባ በሥጋ መጥቶ ኮምፒውተሩን ቢወስደውስ? ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ፥ ጠፍቶ የተወሰደ ኮምፒውተር ለሌባው የብረት ዋጋ ብቻ አለው፤ በርቶ ከተወሰደ ግን ቁልፉ በጊዜያዊ ማስታወሻው ውስጥ አለ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ቁልፍ ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሊነበብ እንደሚችል አሳይተዋል። የሰፈር ሌባ ይህን ያህል አይራቀቅም፤ ለማጥፋት ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። የፎቶግራፎችና የሰነዶች ግልባጭም በሃርድ ዲስክ ወጥቶ በሌላ ቤት፥ በዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ በዚያው ቤት መሳቢያ የተቀመጠ ግልባጭ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

(ሙዚቃ፤ በዝግታ)

ስትመለሱስ? መብራቱ የረጋ መሆኑን አይታችሁ ሰክታችሁ ካበራችሁት በኋላ፥ የባንክ ሒሳብም ሆነ ኢሜል ሳትከፍቱ፥ ተጠራቅሞ የቆየው እድሳት ወርዶ እስኪጨርስ ታገሡ። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ፥ የተለመደው የነፃ እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደ ቆመ እወቁ።

አልፎ አልፎም፥ ለወራት ተነቅሎ የቆየ አሮጌ ኮምፒውተር ሲነሣ፥ ድረ ገጾች ሁሉ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት ይላሉ። ያን ጊዜ በሌለንበት ተዘረፍን ብላችሁ አትደንግጡ፤ አስቀድማችሁ በማያው ጥግ ያለውን ቀንና ዓመት ተመልከቱ። የኮምፒውተሩን ሰዓት የምታስኬደው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃ፥ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል። ቀኑን አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩት፤ ባትሪዋንም ከኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ ጠይቃችሁ አስለውጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማል)